የእሑድ ጧት ሙከራ

ኖቬምበር 6፣ 2006፣ ሰኞ

አክሊሉ። ከሁሉ አስቀድሜ ስሙን ላስቀምጥ፤ ኋላ አንድ ነገር ቢመጣ ያመጣው ማን እንደሆነ እንዳይጠፋ። እኔን ወደምሠራበት ሕንጻ ያስገባኝም፣ ዛሬ ሐሳብ ላይ የጣለኝም እሱ ነው።

ፊደል ያስቆጠረችን ወይዘሮ አዳነች «በየቀኑ ጥቂት ጻፉ፣ የገበያ ዝርዝርም ቢሆን» ብላናለች። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወርጄ የተማርኩት ሽንኩርትና ቲማቲም ለመጻፍ አይደለም። የምጽፈው የሚያስጨንቀኝን ነው።

ሥራዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ታክዊላ ነው፣ መጋዘኖቹ መሃል። ዳታ ሴንተር ይሉታል። መስኮት የለውም። የስንት ድርጅት ሥራ የተሸከሙ ማሽኖች ውስጡ ተደርድረው ቀንና ሌሊት ያፏጫሉ። ከጧቱ አስራ አንድ ሰዓት ገብቼ እስከ ቀን ሰባት ሰዓት አጸዳለሁ። ልጄ ናሁም ከእሑድ ማታ እስከ ሐሙስ ሌሊት ማሽኖቹን ብቻውን ይጠብቃል። እኔ ስገባ እሱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ኮሪደር ላይ ግንባሬን ስሞኝ ያልፋል። የመብራቱና የጀነሬተሩ ነገር ደግሞ የአክሊሉ ኃላፊነት ነው። ኡርጌሳ የሚባል ረዳት ነበረው፤ ባለፈው ወር ሬድመንድ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ። በሱ ቦታ ሰው አልተቀጠረም።

ዛሬ አክሊሉ የመወልወያዬ ክፍል ድረስ ወረቀት ይዞ መጣ።

«እማማ ተናኘ፣ እዚህ ጋ ሳይን ያድርጉልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«የጀነሬተሩ ሙከራ። በየእሑዱ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ አስነስተን ግማሽ ሰዓት እናሠራዋለን። የሞከረው ይፈርማል፣ ያየው ይፈርማል። ያየው ኡርጌሳ ነበር፤ አሁን ሰው የለኝም።»

«እኔ አላየሁም እኮ።»

«እርስዎ እኔን አይተውኛል አይደል? እኔን ካዩ ጀነሬተሩን አዩ» ብሎ ሳቀ።

ፈረምኩ። ኡርጌሳ እንደሚጭራት ትል የመሰለች ነገር አይደለም። ስሜን ከነአባቴ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድም ፊደል ሳላስቀር። አክሊሉ ወረቀቱን አነሳና «የእርስዎ ከኔ ያምራል» አለኝ።

ከዚያ የጀነሬተሩን ክፍል ጠረግኩ። ግቢው ጀርባ ለብቻው ያለ ክፍል ነው። ጀነሬተሩ ሆድ ላይ በትንሽ መስታወት ውስጥ ቁጥር አለ። የሠራበትን ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ኡርጌሳ በየሳምንቱ ከፍ ሲል እያሳየ ቁጥር ያስነብበኝ ነበር። ዛሬ 412 ይላል።

ኖቬምበር 12፣ እሑድ

አክሊሉ እንደ ወትሮው አስራ ሁለት ተኩል ላይ በመኪናው መጥቶ ወሰደኝ። የማለዳ ጸሎት አንድ ሰዓት ላይ ተጀመረ። መዝሙር የመራው አክሊሉ ነው። ድምፁ መልካም ነው፣ እሱም ያውቀዋል። ዝናቡ ሳያባራ ዋለ።

ኖቬምበር 13፣ ሰኞ

ፈረምኩ።

የጀነሬተሩን ክፍል ወለወልኩ። ኡርጌሳ እያለ ሰኞ ሰኞ ጨርቄ ጥቁር ሆኖ ነበር የሚወጣው፤ ከጭስ መውጫው ሥር ጥቀርሻ ይረግፋል። ዛሬ ንጹህ ወጣ። ሥራ ቀለለልኝ። 412።

ኖቬምበር 16፣ ሐሙስ

ትናንት ነፋስ ነበር። ማታ ቤት ውስጥ መብራቱ ሁለቴ እልም ብሎ ተመለሰ። ደንግጬ ናሁምን ዛሬ ምሳ ላይ ጠየቅኩት።

«ያንተ ማሽኖች መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናሉ?»

አፉ ሙሉ ነበር። «ምንም አይሆኑም፣ እማዬ። ባትሪዎች አሉን፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይይዛሉ። ጀነሬተሩ ደግሞ በአሥር ሴኮንድ ይነሳል። ሶ ባትሪዎቹ ምንም ሳይደክሙ ተረከባቸው ማለት ነው።»

«ባይነሳስ?»

«ይነሳል። በየሳምንቱ ይሞከራል እኮ።»

«ባይነሳስ ነው ያልኩህ።»

«እንግዲያው በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ሥራ የለኝም። ቤት እየዋልኩ ጎመን እቀነጥስልሻለሁ» ብሎ ሳቀ። ቆይቶ ግን እንዳልሳቀ ሆኖ «በሌሊት ብቻዬን ስለሆንኩ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። በዚህ ሙያ ስምሽ አንዴ ከተበላሸ ማንም ደጁን አይከፍትልሽም» አለኝ።

ሥራውን ሁለት ዓመት ፈልጎ ነው ያገኘው። እንጀራውን አልጨረስኩም።

ኖቬምበር 19፣ እሑድ

አክሊሉ ወሰደኝ። አስራ ሁለት ተኩል።

ዛሬ ምስክርነት ሲሰጥ የቆየ ቁስሌን ቀሰቀሰው። የዛሬ ሦስት ዓመት በዚያው መድረክ ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር በእኔ በኩል ለእህታችን ለተናኘ ሥራ ከፈተ፣ ማንበብ እንኳ ባይችሉም» ብሎ ነበር። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። ሁለት መቶ ሰው። ልጄም እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። በሳምንቱ ወይዘሮ አዳነች ዘንድ ምድር ቤት ወረድኩ።

ማንበብ እንኳ ባይችሉም። ያቺን «እንኳ» አልረሳትም።

ኖቬምበር 20፣ ሰኞ

አክሊሉ ወረቀቱን ሲሰጠኝ እንደ ቀልድ «ትናንት መቼ አስነሳኸው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ከአምልኮ በኋላ ብቅ ብዬ ነበር።»

«እዚህ ግን 7 ነው የሚለው። የጧት አንድ ሰዓት።»

«ሰዓቱ ፎርማሊቲ ነው፣ እማማ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ቁጥር አንባቢ ሆነዋል ማለት ነው!»

ፈረምኩ። ከአምልኮ በኋላ ብቅ ብሏል እንግዲህ። ትናንት ከአምልኮ በኋላ እኔን ቤቴ አድርሶ፣ ልጆቹን ይዞ ኦበርን ከተማ ወደሚኖሩት አማቾቹ ሄዷል፤ ሚስቱ ናት የነገረችኝ። ቢሆንም በመካከል ብቅ ሊል ይችላል። ታክዊላ መንገድ ላይ ነው።

ጨርቁ ንጹህ። 412።

ኖቬምበር 27፣ ሰኞ

በረዶ። አውቶቡሱ ሬኒየር ጎዳና ላይ አርባ ደቂቃ ቆመ። ጎማው ሲንሸራተት ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔ አልጮህኩም፤ የማስበው ሌላ ነበር።

ቦታው ስደርስ ዶና፣ የሕንጻው ኃላፊ፣ ሁሉንም ሰብስባለች። የብርዱ ዝግጅት ነው። የናፍጣው ታንከር ይሙላ። መግቢያው ላይ ጨው ይበተን። መንገድ ተዘግቶ ሰው ቢያድር የሚታጠፍ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የታሸገ ምግብ ይምጣ። አንድ በአንድ ስትጠራ ዘኪያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ትተረጉምልኛለች። ዘኪያ የመግቢያው በር ጥበቃ ናት፣ የስልጤ ሰው፣ አፏ የማያርፍ።

«የአልጋው ነገር ደስ ብሎኛል፣ እትዬ ተናኘ» አለችኝ። «ከባሌ ማንኮራፋት አንድ ሌሊት እንኳ ባርፍ።»

ከዚያ ዶና «ጀነሬተሩስ?» አለች። አክሊሉ ሰማያዊውን ፋይል ከፍ አድርጎ «በየእሑዱ፣ ሁለት ፊርማ» አለ። ዶና ገለጥ ገለጥ አደረገችና ጣቷን አንድ ቦታ አቆመች። «ይህ ቆንጆ ጽሕፈት የማን ነው?»

አክሊሉ ወደ እኔ አመለከተ። ዶና በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነችኝ፤ ከሥራዬ ውጭ እሑድ እየመጣሁ ስለማግዝ። ሰዉ አጨበጨበ። ናሁምም ከሌሊት ሥራው ሳይወጣ ቆይቶ ስለነበር ከኋላ ሆኖ አጨበጨበ። «ሳትነግሪኝ እሑድ እሑድ ትሠሪያለሽ?» ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እንዴት እንደነቀነቅኩ እኔም አላውቅም።

ያኔ መናገር ይቻል ነበር። ዘኪያ አጠገቤ ነበረች። ግን ሰው እያጨበጨበ እንዴት ይነገራል?

የዛሬውን ወረቀት ከስብሰባው በኋላ ፈረምኩ። 412።

ኖቬምበር 29፣ ረቡዕ

በረዶው ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። አልተኛሁም። ናሁም እሑድ ለምን እንደምሄድ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ይመስለኛል።

ዲሴምበር 4፣ ሰኞ

ዛሬ አክሊሉን የመወልወያው ክፍል ውስጥ ይዤ በሩን ዘጋሁ።

«ወንድም አክሊሉ፣ ይህ ነገር መቼ ነው የሚነሳው?»

«የትኛው?»

«የትኛው አትበለኝ። ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም።»

ባልዲዬ ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ፊቱ ግን ደክሞት ነበር።

«እማማ፣ ሁለት ሰው ይሠራው የነበረውን ነው ለብቻዬ የምሠራው። ሰኞም ቅዳሜም እዚህ ነኝ። በሌሊት ኮል ያደርጉልኛል። እሑድ ጧት ብቻ ናት የእግዚአብሔር። እሷን ብሰጣቸው ምን ይቀረኛል? መዝሙሩንስ ማን ይመራል?»

«በሌላ ቀን አስነሳዋ።»

«በሌላ ቀን አይፈቀድም። የደንበኞቹ ሥራ የሚቀንሰው እሑድ ጧት ነው። ሌላ ቀን ላድርግ ብል ለምን ይሉኛል፤ ለምን ካሉኝ ያለፈው ይወጣል።» ተነሳ። «ኦኬ፣ በሚመጣው እሑድ አደርገዋለሁ። አውቶማቲክ ነው፣ እማማ፣ በራሱ ይነሳል። ስንት ዓመት ተነስቷል።»

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። የሚመጣው እሑድ የሚባለው ያለፈውን አይሸፍንም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ደክሞት ነበር፤ በሩን የዘጋሁትም እኔ ነኝ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ እምቢ ማለት አፌ ላይ አልመጣም። ፈረምኩ። ፊደሎቹ አላማሩም።

ይህን ሁሉ የሚያመጣው እሱ ነው። እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ።

412።

ዲሴምበር 10፣ እሑድ

አስራ ሁለት ተኩል ላይ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። መስኮቱ ላይ ቆሜ አየሁት። ጀነሬተሩን አስነሳለሁ ያለበት ቀን ነበር። አሞኛል ብዬ ብቀር ምናልባት ብቻውን ወደ ታክዊላ ይሄድ ይሆን ነበር።

ካፖርቴን ለብሼ ወረድኩ።

መኪና ውስጥ ሴት ልጆቹ ከኋላ የገና መዝሙር ይለማመዳሉ። ወደ ግራ ከታጠፈ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ታክዊላ። የመታጠፊያውን መብራት እያየሁ «ወደ ቀኝ» ልለው ነበር። ትንሿ ልጅ «እማማ ተናኘ፣ ዝማሬዬ ያምራል?» አለችኝ። ያምራል አልኳት። ወደ ግራ ታጠፈ።

ዲሴምበር 11፣ ሰኞ

ፈረምኩ። ጨርቁ ንጹህ። 412።

ዲሴምበር 13፣ ረቡዕ

ዘኪያ በሩ ላይ ራዲዮ ከፍታ ጠበቀችኝ። «ሰማሽ? ነገ ማታ ነፋስ ነው የሚመጣው። ዛፍ ይነቅላል ይላሉ።»

«ራዲዮ ምን ያውቃል።»

«ምን ሆንሽ፣ ፊትሽ ዐመድ መሰለ! ዛፍ አይደለሽ፣ ምን ያስፈራሻል?»

ከሥራ ስወጣ ለናሁም የእጅ ባትሪ ገዛሁለት። ትልቁን። «ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው የምሠራው እንጂ ዋሻ ውስጥ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። ቦርሳው ውስጥ ከተትኩበት።

ለአክሊሉ ስልክ ደወልኩለት። አላነሳም። መልእክት ተውኩ፦ «ነገ ሐሙስም ቢሆን አስነሳው።»

ዲሴምበር 14፣ ሐሙስ

ጠዋት አክሊሉን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። «መልእክትዎን ሰምቻለሁ። ጸልዩ እንጂ አይፍሩ» አለኝ። የናፍጣውን ታንከር እያስሞላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ። ነፋስ። ናሁም ሊሄድ ነው። «ዛሬ ቅር» አልኩት። «ዛሬ ነው እንዲያውም የምፈለገው» አለ።

ሁለት ሰዓት ማታ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

አራት ሰዓት። ጎረቤት ዛፍ ወደቀ። መብራት ጠፋ። ሻማ።

ስልኩን ይዣለሁ። ደወልኩለት። «እዚህ መብራት አለ፣ ተኚ።»

ስድስት ሰዓት። በድጋሚ። «አለ፣ እማዬ፣ ተኚ አልኩሽ እኮ።»

ሰባት ሰዓት ከሩብ። እሱ ደወለ።

ዲሴምበር 15፣ ዓርብ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

«እማዬ፣ አልተነሳም» ነው ያለኝ። ሩጫ ላይ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማል። ዋናው መብራት ጠፍቶ ባትሪዎቹ ተረክበዋል፤ አሥር ሴኮንድ አለፈ፣ አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ጀነሬተሩ ዝም። በዝናቡ ግቢውን አቋርጦ ወደ ክፍሉ ሮጠ። «በእጅ እየሞከርኩት ነው። ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይዞርም። አክሊሉ ስልክ አያነሳም። ዘጠኝ ደቂቃ አለኝ።»

ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ መሬት ላይ አስቀመጠው መሰለኝ። እኔ ቤቴ፣ ማውንት ቤከር ሰፈር፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሻማ ፊት ተቀምጬ ያንን ጠቅ ጠቅ እሰማለሁ። ነፋሱ በሱ በኩልም በኔ በኩልም ይጮኻል። የገዛሁለትን የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ መሆን አለበት፤ የሚናገረው አይገባኝም ነበር። ከዚያ ጠቅታው ራሱ ቆመ። ስልኩን አንስቶ «እማዬ፣ ልዘጋ ነው፣ ማሽኖቹን ሳይሞቱ ላጥፋቸው» አለኝ። ግማሹን እንኳ አላደረሰም። የቀሩት በበሩበት ሞቱ።

አንዲት ቃል አልነገርኩትም። ምን ልበለው? ዘጠኝ ደቂቃ ነበር ያለው፤ ያንን ሰምቶ ምን ያደርግበታል?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጠጋኞች መጡ። የጀነሬተሩ ማስነሻ ባትሪ ሞቶ ነው። እንደ መኪና ባትሪ ነው አለኝ ናሁም፤ ሳይነሳ ከከረመ ብርድ ይገድለዋል፤ ቢሞከር በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር። ሲነግረኝ ግድግዳውን ያይ ነበር። «እኔ የማይገባኝ እሑድ ተሞክሮ ሐሙስ እንዴት ይሞታል?» አለ።

ሾርባ አሞቅኩለት።

ዲሴምበር 16፣ ቅዳሜ

አሁንም መብራት የለም። ከሰል ቤት ውስጥ እንዳይነድ የሚል ወረቀት በየበሩ ለጥፈዋል፤ በአማርኛም አለ። ዘኪያ ደወለች። ከደንበኞቹ አንዱ የክሊኒኮች ድርጅት ነው አለችኝ፤ ዓርብ ጧት ነርሶቹ የበሽተኞቹን መድኃኒት ማየት አልቻሉም።

«የሞተ ሰው አለ?»

«አልሰማሁም። አንቺ ደግሞ! ለምን ትጠይቂያለሽ?»

ዲሴምበር 18፣ ሰኞ

ናሁምን ከሥራ አገዱት። ዶና ሰማያዊውን ፋይል ፊቱ አስቀምጣ «ጀነሬተሩ እሑድ ጤነኛ ነበር፣ ሁለት ሰው ፈርሞበታል» አለችው። ስለዚህ የማስነሻውን ባትሪ የጨረሰው እሱ ነው ባይ ናት፤ በድንጋጤ ማስነሻውን ያለ አግባብ ደጋግሞ ይዞ። የመጨረሻው ስብሰባ ከገና በኋላ፣ በ28 ነው።

ሲነግረኝ አልተቆጣም። «አንቺ እንኳ የፈረምሽበት ነገር ነው፣ ምን ብዬ ልከራከር» አለኝ። ገብቶ ተኛ።

የኔ ፊደል ነው። ቆንጆው። ልጄ ላይ የተቆለለው።

ዲሴምበር 20፣ ረቡዕ

አክሊሉ ቤቴ መጣ። ናሁም ወጥቶ ነበር፤ ጠብቆ ነው የመጣው።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እማማ፣ አራት ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አንድ አለኝ።»

«ናሁም ወጣት ነው፣ ሌላ ያገኛል። እኔ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። ከዚህ ብወጣ ማን ይወስደኛል?»

«ማንበብ ትችላለህ» አልኩት።

አልገባውም። የሦስት ዓመቱን ነገር ረስቶታል። እኔ በየሌሊቱ የማስበውን እሱ ከናካቴው ረስቶታል።

«እርስዎም ፈርመዋል» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ ከወጣሁ አብረን ነው። ያኔ እዚህ ቤት ደመወዝ የሚያመጣ አይኖርም። ላስፈራራዎት አይደለም።» አለቀሰ። ከዚያ ልጸልይልዎ ብሎ ቆመ። ጸለየልኝ። አሜን አልኩ። ከልማድ ነው።

ዲሴምበር 24፣ እሑድ

ጥሩምባው ተሰማ። አልወረድኩም። ሁለተኛ ነፋ። መጋረጃው ኋላ ቆሜ መኪናው እስኪሄድ ጠበቅኩ።

ናሁም ከእንቅልፉ ተነስቶ «ቸርች አትሄጂም?» አለኝ። አሞኛል አልኩት። ግንባሬን ዳሰሰ። «ትኩሳት የለሽም።»

ይህን ደብተር ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሁሉም አለ። ቁጥሩ በየሰኞው አለ።

ዲሴምበር 28፣ ሐሙስ

ስብሰባው ላይ አልተጠራሁም። ደብተሬን ይዤ በር ላይ ቆምኩና ዘኪያን «ግቢና ተርጉሚልኝ» አልኳት። «ወንበሬን ጥዬ?» አለች። ፊቴን አይታ ተነሳች።

ዶና፣ አክሊሉ፣ ናሁምና አንድ የማላውቀው ሰው። አክሊሉ ሲያየኝ መሬት መሬቱን አየ።

«አላየሁም» አልኩ። «አንዱንም እሑድ አላየሁም። ጀነሬተሩ በሚሞከርበት ሰዓት እኔም አክሊሉም ቤተ ክርስቲያን ነበርን፤ በመኪናው የሚወስደኝ እሱ ነው።»

ዘኪያ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ተረጎመችው። ዶና ለምን አሁን እናምንሻለን አለች፤ ልጅሽን ለማዳን ሊሆን ይችላል። ደብተሩን ለዘኪያ ሰጠኋት። ናሁም እንዲያነብ አልፈለግኩም፤ ደግነቱ አማርኛ ማንበብ አይችልም። ግን ዘኪያ በእንግሊዝኛ እየመለሰች ጮክ ብላ ነው ያነበበችው። ጨርቁ ንጹህ። 412። ጨርቁ ንጹህ። 412። ጭብጨባውን አነበበች። የመታጠፊያውን መብራት አነበበች። «ይብቃ» አልኳት፤ አልሰማችኝም።

ያ የማላውቀው ሰው ከወረቀቶቹ መሃል የጠጋኞቹን ደረሰኝ መዘዘ። ጠጋኞቹ ሲደርሱ ያዩትን ቁጥር ጽፈዋል። ለዶና አሳያት። አክሊሉ በፋይሉ 415 ብሎ ሞልቷል። የጠጋኞቹ 412 ነው።

አክሊሉ የመግቢያ ባጁን ከአንገቱ አወለቀ። እኔንም ባጅሽን አሉኝ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ናሁም ቀድሞኝ ይሄድ ነበር። ጠራሁት። ዞረ።

«ሲክስ ዊክስ» አለኝ። «ሲክስ ዊክስ፣ ማም።»

እማዬ አላለኝም። ስድስት ሳምንት። በሩን ከፍቶልኝ ቤት አደረሰኝ፤ መንገዱን ሁሉ ራዲዮ ብቻ ነበር።

ጃንዋሪ 2፣ 2007፣ ማክሰኞ

ናሁም ሥራ ተመለሰ። እኔ ጧት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከልማዴ ነቃሁ። የምሄድበት የለም። ኮሪደር ላይ የሚስመኝም የለም።

ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቦታ ተከፍሏል አለችኝ ወይዘሮ አዳነች። ግማሹ አክሊሉን አስበላችው ይላል፤ ግማሹ ዝም ይላል። «እርስዎስ?» አልኳት። «እኔ የማስተምረው ፊደል ነው» አለችኝ።

ጃንዋሪ 7፣ እሑድ

ዛሬ የእኛ ገና ነው። ጥሩምባ የለም። ጨለማው ሳይገፍ አውቶቡስ ይዤ ወረድኩ፣ ሌላ ቀይሬ ታክዊላ ደረስኩ። ከግቢው ማዶ፣ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ውርጭ ነበር። ዘኪያ ከመስታወቱ ውስጥ አይታኝ እጇን አነሳች፤ ምን ትሠሪያለሽ ዓይነት ነው።

የእሑዱን ሙከራ ለናሁም ሰጥተውታል። የሰማሁት ከዘኪያ ነው፤ እሱ አይነግረኝም። ምግቡን ይበላል፣ ታንክ ዩ ይላል፣ ክፍሉ ይገባል።

ልክ አንድ ሰዓት ላይ መሬቱ ከእግሬ ሥር ነዘረ። ከዚያ ድምፁ። ከዚያ ከጭስ መውጫው ጥቁር ጭስ ወጣ፤ ከደመናው ጋር እስኪቀላቀል አየሁት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቅኩም። እጄ ብረቱ ላይ ደነዘዘ። ሲቆም ናሁም ወረቀቱን ይዞ ከክፍሉ ወጣ፤ ግቢው መሃል ቆመና በአጥሩ በኩል አየኝ። እጁን አላነሳም። ግን ቶሎም አልገባም።

ቤት ስመለስ የዚህን ደብተር መጀመሪያ ገጽ ገለጥኩ። አክሊሉ ይላል። አልፋቅኩትም፤ እውነት ነውና። ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበት፣ አንድም ፊደል ሳላስቀር።

ከእንግዲህ በዓይኔ ካላየሁት ነገር በታች ስሜን አልጽፍም።